ልጆች ለጣሉት ዕቃ ያገለገለ ምትክ

ልጅ የሚያድግበት ቤት ሁሉ ዕቃ የሚጠፋበት ቤት ነው። ጠዋት ታጥቦና ተተኩሶ የተሰጠው ሹራብ ማታ ሳይመለስ ይቀራል። ጃንጥላው ታክሲ ውስጥ፣ የምሳ ዕቃው መጫወቻ ሜዳ ላይ ይረሳል። እርሳሱና መቅረጫውማ የት እንደ ገቡ የሚያውቅ የለም። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ ይህ ሁሉ ሲደማመር ቀላል ወጪ አይደለም። ለአስቤዛ፣ ለቤት ኪራይና ለትራንስፖርት ከተመደበው ገንዘብ ላይ ተቆርሶ አዲስ ሹራብ በተገዛ ቁጥር ከማዕድ ላይ አንድ ነገር ይጎድላል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሳው ጉዳይ ልጆች ለጣሉት ዕቃ ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ ስለ መተካት ነው። አንዳንድ ወላጆች ይህን ማድረግ ያሳፍራቸዋል፤ ጎረቤት ምን ይለኛል በማለት ተበድረውም ቢሆን አዲስ ይገዛሉ። ሌሎች ደግሞ አሮጌውን እንደ ቅጣት ይጠቀሙበታል። «አዲሱን ስለ ጣልክ እንግዲህ አሮጌ ልበስ!» ብለው በወንድሞቹና በእህቶቹ ፊት ያሳፍሩታል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ያገለገለ ዕቃ ውርደትም ቅጣትም አይደለም። በአግባቡ ተመርጦ በአግባቡ ከተሰጠ የቤተሰቡን ኪስ የሚጠብቅ፣ ለልጁም ኃላፊነትን የሚያስተምር መፍትሔ ነው።

በቅድሚያ መፈለግ

ዕቃ በጠፋ ማግስት ወደ ገበያ መሮጥ አይገባም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በደንብ ሳይፈለግ የተተካ ዕቃ በሳምንቱ ሊገኝና ወጪው ከንቱ ሊሆን ይችላል። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ስለሚለብሱ የእናንተን ልጅ ሹራብ ሌላው ልጅ የራሱ መስሎት ለብሶት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት የትምህርት ቀናት ለፍለጋ ስጡ። ልጁ ራሱ በመጀመሪያ የክፍሉን መምህር፣ ቀጥሎም የጽዳት ሠራተኞቹንና የበሩን ጥበቃ ይጠይቅ። በሰርቪስ የሚመላለስ ከሆነ ሾፌሩንና ረዳቱንም ይጠይቅ። እናት ወይም አባት ከጎኑ ይሁኑ እንጂ ጠያቂው ልጁ ቢሆን ይመረጣል። የጣለውን መፈለግ የራሱ ሥራ መሆኑን የሚማረው በዚህ ነውና።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የወደቀ ዕቃ ያገኘ ሰው ማግኘቱን እንዲያስታውቅና ዕቃውን ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። እንግዲህ የእኛ ልጅ የጣለው እንዲመለስለት የምንመኝ ከሆነ፣ የሌላውን ልጅ እስክሪብቶ አግኝቶ ወደ ቤት ሲመጣ «ዕድለኛ ነህ» ብለን ማለፍ አይገባንም። በማግስቱ ለመምህሩ እንዲያስረክብ ማድረግ ይኖርብናል።

የቤት ሠራተኛ ባለችበት ቤት ደግሞ አንድ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የልጅ ልብስ ሲጠፋ ጥርጣሬው ቶሎ የሚያርፈው በእርሷ ላይ ነው። ልጁም ከቁጣ ለማምለጥ ሲል የት እንደ ረሳው እያወቀ ዝም ሊል ይችላል። ከቀናት በኋላ ሹራቡ ከክፍሉ ጠረጴዛ ሥር ቢገኝ ዕቃው ይመለሳል፤ በሐሰት የጎደፈ የሰው ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። አጠገቡ የሚቀመጠውን ተማሪ ሌባ ማለትም እንደዚሁ ነው። ማስረጃ በሌለበት ጣት መቀሰርን ልጆች ከእኛ ይማሩታል።

ከዕቃው ይልቅ ልጁ

እንበልና አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በኅዳር ወር ሰኞ ዕለት ሹራቡን ጣለ። ከዚህ ቀደም ጃንጥላ በጣለ ጊዜ የደረሰበትን ዱላ ስለሚያስታውስ ለእናቱ አይናገርም። ማክሰኞ ጠዋት «ሹራብህስ?» ስትለው «ይሞቀኛል» ይላል። ረቡዕ «ትምህርት ቤት አስቀምጬዋለሁ» ይላል። በዚያ የጠዋት ውርጭ በሸሚዝ ብቻ እየሄደ ሳል ይጀምረዋል። ሐሙስ ዕለት፣ አጥር ላይ ተሰቅሎ ያየውን የሌላ ልጅ ሹራብ አንሥቶ ይለብሳል። የሹራቡ መጥፋት ትንሽ ጉዳት ነበር። ውሸቱ፣ ሕመሙና የሰው ዕቃ ማንሣቱ ግን ከፍርሃት የመጡ ትላልቅ ጉዳቶች ናቸው።

ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ዕቃውን መርሳቱ የንቀት ምልክት አይደለም። በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር በአእምሮ የመያዝ ችሎታ ቀስ በቀስ እስከ ጉርምስና ድረስ የሚዳብር ነው። በመሆኑም በቤታችሁ አንድ ደንብ ይኑር፦ ዕቃ የጣለ ልጅ በዚያው ዕለት ከተናገረ አይመታም፤ አይሰደብም። ይፈለጋል፤ ካልተገኘም በጋራ ይተካል።

ምትኩ ከየት ይገኛል?

ከሁሉ የሚሻለው ምንጭ የቅርብ ሰው ነው። ከእናንተ ልጅ አንድ ወይም ሁለት ክፍል የሚቀድሙ ልጆች ያሏቸው እናቶች በመንደሩም፣ በመሥሪያ ቤቱም፣ በዕድሩም አይጠፉም። ለእነዚያ ልጆች ያጠረው የደንብ ልብስ ለእናንተ ልጅ ልክ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ አንድ ነው፤ ማን ይለብሰው እንደ ነበርም ይታወቃል። ቡና ላይ «የልጅሽ ሹራብ ካጠረው ሸጪልኝ» ማለት የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ዋጋውን ተስማምቶ መክፈል ደግሞ ውለታን ያቀልላል፤ ለሰጪዋም ለልጇ አዲስ መግዣ ድጋፍ ይሆናታል።

ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስና ደብተር መስጠት መጀመሩ ይታወሳል። ልጃችሁ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።

ከቅርብ ሰው ካልተገኘ ወደ ገበያ መውጣት ነው። በአዲስ አበባ በመርካቶ ያለው ምናለሽ ተራ በአሮጌ ዕቃ የታወቀ ነው። በየሰፈሩ የልባሽ ጨርቅ ሻጮችም አሉ። ሆኖም ያገለገለ ልብስን ለንግድ ከውጭ አገር ማስገባት በአገራችን የተከለከለ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ስለዚህም ነው የጎረቤትን ልብስ ያስቀደምነው።

ርካሽ የሆነ ሁሉ ቁጠባ አይደለም። ለምሳሌ ያህል አዲስ ሹራብ በ900 ብር ተገዝቶ 18 ወር ቢያገለግል በወር 50 ብር ወጣበት ማለት ነው። አሮጌው በ400 ብር ተገዝቶ አምስት ወር ብቻ ቢቆይ ግን በወር 80 ብር ይደርሳል። ያው አሮጌ አሥር ወር ቢያገለግል በወር 40 ብር ስለሚሆን ያን ጊዜ ያዋጣል። እንግዲህ ሻጩ የጠራውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዕቃው የሚቀረውን ዕድሜ አስሉ።

ሲገዛ ምን መታየት አለበት?

ልብስ ሲሆን ወደ ውስጥ ገልብጣችሁ ስፌቱን፣ ብብቱን፣ ክርኑንና አንገቱን ተመልከቱ። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ የሳሳ ቦታ ካለው ተዉት። የተቆረጠ ቁልፍና የተተረተረ ጠርዝ ግን በቤት ውስጥ ስለሚጠገን ዋጋ ማስቀነሻ ይሆናል። ጃንጥላን ሦስት ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉት፤ ሽቦዎቹንም አንድ በአንድ ዳብሱ። የደብተር ቦርሳ ውስጥ ክብደት ያለው ነገር ከትታችሁ በማንገቻው አንጠልጥሉት፤ ዚፑንም ሞክሩ። የምሳ ዕቃ ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ የተፋፋቀ ፕላስቲክ የቆየ ምግብ ሽታ ይይዛል፤ ለማጽዳትም ያስቸግራል።

ጫማ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሶሉ በአንድ ወገን የተበላ ጫማ የመጀመሪያውን ልጅ አረማመድ ስለያዘ ለሁለተኛው ልጅ እግር ላይመች ይችላል። ስለዚህ ብዙ ያልተለበሰ፣ ሶሉ እኩል የሆነ ካልተገኘ አዲስ መግዛት ይሻላል። ልጁ ራሱ በቦታው ተገኝቶ ይለካ፤ ቆሞ ሳለም ከጣቱ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር።

ያገለገለ የመማሪያ መጽሐፍ ለሚገዙ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ መዋል በመጀመሩ፣ በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት የታተመ መጽሐፍ ሽፋኑ ቢያምርም ለክፍሉ ላያገለግል ይችላል። የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ፤ ገጽ የጎደለው እንዳይሆንም ቁጥሮቹን ቁጠሩ።

ወደ ቤት የገባ ልባሽ ልብስ ሁሉ ሳይታጠብ የልጅ ገላ መንካት የለበትም። የልብስ ቅማል እንቁላሉን የሚጥለው በስፌት መስመር ውስጥ ነው፤ ግርሻ የተባለውን ትኩሳት የሚያስተላልፈውም ይኸው ቅማል ነው። ቀለሙን የማይለቅ የጥጥ ልብስ በሚያቃጥል ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ስፌት ስፌቱም በጋለ ካውያ ይተኮስ። የሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ ስለሚኮማተር በላስቲክ ከረጢት ውስጥ በደንብ ታስሮ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ ከዚያም ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ። ቅማልም የእከክ ተባይም ከሰው ገላ ተለይተው ይህን ያህል ጊዜ አይኖሩም።

አሮጌ ሊገዙ የማይገባቸው ነገሮችም አሉ። መነጽር ለእያንዳንዱ ልጅ ዓይን ተለክቶ የሚሠራ ስለሆነ የሌላ ልጅ መነጽር አይሆንም። የውስጥ ልብስና የውሃ መጠጫ ፕላስቲክም አዲስ ይሁኑ።

የሌላ ልጅ ዕንባ እንዳንገዛ

አሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ የጠፋም የተሰረቀም ዕቃ ሊኖር ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛን ሰው ይቀጣል። ዋጋው ከመጠን በላይ የወረደ፣ የሌላ ልጅ ስም የተጻፈበት ወይም ሻጩ ከየት እንዳመጣው ለመናገር የሚያመነታበት ዕቃ ሲገጥማችሁ እለፉት። ሞባይል ስልክ ለጣለ ጎረምሳ ያገለገለ ስልክ ስትገዙ *#06# ሲጫን በሚወጣው ባለ 15 አሐዝ ቁጥርና በካርቶኑ ላይ ባለው መካከል ልዩነት አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ደረሰኝም ጠይቁ።

ለልጁ እንዴት ይሰጠው?

በመጀመሪያ እውነቱን ንገሩት። አሮጌውን አዲስ ነው ብሎ መስጠት ጓደኞቹ በነቁበት ጊዜ እፍረቱን ያጠናዋል። «ለአዲስ የሚበቃ ገንዘብ በዚህ ወር የለንም፤ ይህኛው ግን ደህና ነው፤ አብረን መርጠነዋል» ማለት ይበቃል። ከሁለትና ከሦስት ሹራብ መካከል ራሱ የመረጠውን ልጅ በኩራት ይለብሰዋል። ቁልፉን ሲተክል፣ ልብሱን ሲያጥብ ወይም ከኪስ ገንዘቡ ጥቂት ሲያዋጣ ደግሞ የእርሱም ድካም ስላለበት ይጠነቀቅለታል። ይሁን እንጂ የምሳ ገንዘቡን መያዝ አይገባም። መዋጮው ለመማሪያ እንጂ ለማስራብ አይደለም።

ቀጥሎም ምልክት አድርጉበት። በሹራብ አንገት ውስጥ በጥልፍ የልጁን ስም የመጀመሪያ ፊደላት መጥለፍ፣ በጫማ ምላስ ላይ በማይለቅ ቀለም መጻፍ፣ ማታ ማታም ቦርሳውን አብሮ መፈተሽ ትንሽ ጊዜ ብቻ ይወስዳል። ሙሉ ስምና ስልክ ከውጭ በጉልህ መጻፍ ግን ለማያውቁት ሰው ልጁን ማስተዋወቅ ስለሚሆን ከውስጥ ይሁን።

በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ቁም ሣጥኑን ክፈቱ። ለልጃችሁ ያጠረውን ሹራብ በአንድ የፕላስቲክ ሳህን ለልዋጭ ከመስጠታችሁ በፊት፣ በመስከረም ስንት እናቶች ያንን ቀለም ፍለጋ እንደሚንከራተቱ አስቡ። አጥባችሁና ተኩሳችሁ አስቀምጡት፤ ቡና ላይም ተነጋገሩበት። በአንድ መንደር አምስት እናቶች እንዲህ ቢያደርጉ ሹራቡን የጣለ ልጅ በፍርሃት ሳይሆን «እማዬ፣ ጠፋብኝ» ብሎ በግልጽ ተናግሮ ቤቱ ይገባል።