ከውቤ በረሃ እስከ ዕፅዋት መዝገብ ቤት

በስሙ በረሃ፣ በጠባዩ ግን የጠጅና የሌሊት ዘፈን ሰፈር ሆኖ ከኖረው ከውቤ በረሃ ተነሥቶ ወደ አራት ኪሎ የሚያዘግም ሰው፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ሲደርስ፣ ከሐረና፣ ከከፋና ከያዩ ጫካዎች የተቀጠፉ ቅጠሎችና አበቦች በየወረቀታቸው ተለጥፈው፣ እንደ ገዳም ብራና ተከማችተው የሚጠበቁበትን ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋትን መዝገብ ቤት፣ ያገኛል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሊቁ አበባ ወይም ፍሬ የያዘውን ቅርንጫፍ ቆርጦ በጋዜጣ መካከል ያስተኛዋል፤ በመጭመቂያ አጥብቆ ያደርቀዋል፤ የተገኘበትን ስፍራ፣ ከፍታውን፣ ዕለቱንና የአገሬውን ስም ጽፎ ያያይዝበታል። ጭንቁ ከዚህ በኋላ ነው፤ ተክሉን አዲስ ለማለት፣ ሌላ ሊቅ አስቀድሞ እንዳልሰየመው፣ በለንደኑ የኪው ዕፅዋት መዝገብ ቤትና በመሰሎቹ ከተከማቸው ናሙና ጋር እያስተያዩ ማረጋገጥ ግድ ይሆናልና። ግዕዝ ለቅዳሴያችን እንደሆነው ሁሉ፣ ለዕፅዋት ላቲን ነበር፤ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአዲስ ተክል መግለጫ በላቲን ካልተጻፈ ስሙ አይጸናም ነበር።

ኦሪት ዘፍጥረት አዳም ለአራዊትና ለአዕዋፍ ስም እንዳወጣ ይነግረናል፤ የዕፅዋትን ነገር ግን በዝምታ አልፎታልና ዕዳው ለልጆቹ የተረፈ ይመስላል። ልጆቹም ይሳሳታሉ፤ ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ቡናን የዐረብ ብሎ የሰየመው የከፋን ጫካ ሳያይ ነው። ቢሆንም ስም ያልወጣለት ተክል፣ ጫካው ሲመነጠር መጥፋቱን እንኳ የሚመሰክርለት የለምና፣ መሰየም በእኔ ግምት የጥበቃው መጀመሪያ ነው፤ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የከፋንና የያዩን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ የጫካ ቡና ስም ትልቅ ጠበቃ ነበር።

ይህን የስም ሀብት ለመሰብሰብ በ1980 እ.ኤ.አ. ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው፣ በመጀመሪያ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ በኋላም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የመሩት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ፣ 6,000 ገደማ ዝርያ ይዞ በ2009 በ8 ቅጽ ተፈጸመ። ግራሮች የተጻፉበት ሦስተኛው ቅጽ በ1989 ከሁሉ ቀድሞ ታትሞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የኡፕሳላው ማትስ ቱሊን በኦጋዴን 8,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ሮዝ አበባ ያለው፣ መጽሐፉ የማያውቀው ግራር አገኘ። በገላጣው ምድር ይህን ያህል ከተሰወረ፣ ጥቅጥቁ ጫካማ ምን ይዞ ይሆን!

አንባቢ ሆይ፣ በገጠር አባት ወይም አያት ካሉህ፣ ጫካውን አብረህ ዞረህ የየዛፉን ስም ጠይቀህ ጻፍ፤ በናሙናው ወረቀት የሚሰፍረውን የአገሬውን ስም ከእነርሱ በቀር የሚነግርህ የለምና።