ሳይዘጋ የሚቆይ የሆድ ቁስልና የአሉታዊ ግፊት ሕክምና

በሀገራችን ደጋማ አካባቢዎች ሰውን በድንገት ለቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉት ሕመሞች አንዱ የአንጀት መጠማዘዝ ነው። የተጠማዘዘው አንጀት ሞቶ ወይም ተበስቶ መግል በሆድ ዕቃ ውስጥ ሲሠራጭ፣ ሐኪሙ ሆዱን ወዲያው ላይሰፋው ይችላል። ያበጠን ሆድ በኃይል መስፋት ውስጣዊውን ግፊት ጨምሮ የኩላሊትንና የሳንባን ሥራ ያውካልና። እንግዲህ ክፍት የቆየው ሆድ በምን ይሸፈን?

እ.ኤ.አ. በ1984 ኮሎምቢያዊው ሐኪም ኦስዋልዶ ቦራኤስ ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ቀድደው ለዚሁ ተጠቀሙበት። ይህ «የቦጎታ ከረጢት» ርካሽ ቢሆንም ፈሳሹን አይስብም። እ.ኤ.አ. በ1997 አርጄንታና ሞሪክዋስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቁስልን በስፖንጅና በፓምፕ የማከም ዘዴን አሳተሙ። ዘዴው ለሆድ ሲውል፣ በአንጀቱ ላይ የማይጣበቅ ቀዳዳማ ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ ስፖንጅ ይደረብበታል፤ አየር በማያስገባ ሽፋን ይታሸግና በቱቦ ከፓምፕ ጋር ይገናኛል።

ፓምፑ ዘወትር የሚሠራው ከአካባቢው አየር በ125 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ባነሰ ግፊት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በመካነ ሰላም የአየሩ ግፊት ወደ 560 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ቁስሉን የሚስበው ልዩነቱ ስለሆነ ከፍታው እንቅፋት አይሆንም።

ጥቅሙ የተበከለውን ፈሳሽ ማውጣቱ፣ የሆድ ግድግዳ ጠርዞች እንዳይሸሹ ማገዙና በኋላ ለመስፋት ማመቻቸቱ ነው። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ስፖንጁ አንጀትን በቀጥታ ከነካ ሊበሳው ይችላል፤ ደም ሊፈስ፣ ፕሮቲንና ፈሳሽም ከሰውነት ሊባክን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባወጣው ማስጠንቀቂያ እጅግ አሳሳቢው ችግር የደም መፍሰስ መሆኑን ገልጿል። የኮክሬን ግምገማም እ.ኤ.አ. በ2022 ዘዴው ከሌሎች መብለጡን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አላገኘም።

ከሁሉም በላይ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆመ የታሸገው ስፖንጅ የጀርም መራቢያ ስለሚሆን ሊነሣ ይገባዋል። በመሆኑም እንደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ባሉ፣ ወደ ደሴ ሪፈር መባል ረጅም የተራራ መንገድ በሚጠይቅባቸው ሥፍራዎች፣ አስተማማኝ ባትሪ፣ ደምና የሠለጠነ ባለሙያ ከፓምፑ አስቀድመው ሊሟሉ ይገባል እንላለን። እነዚህ ባልተሟሉበት ቦታ ቀላሉ ከረጢት የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ለአንባብያን የምናሳስበው ግን ከዚህ ይቀድማል፦ ሆዱ ተነፍቶ፣ ሰገራና ጋዝ ማውጣት የተሳነው ሰው እቤት ይዋል ይደር መባል የለበትም። በጊዜ የደረሰ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ሆዱ ተከፍቶ መቆየት አያስፈልገውም።