የለምጽ ቀዶ ሕክምና፦ ከራስ ቆዳ ወደ ራስ ቆዳ



ከማጃንግ ዞን ዋና ከተማ ከመቲ አንዲት እናታችን ጥያቄ አድርሰውናል። ልጃቸው አንገቷና እግሯ ላይ ለምጽ ወጥቶባታል። ጎረቤት «ይጋባል» እያለ ስኒ ይለይባታል። እሳቸውም ቆዳ ወስዶ የሚተክል ሕክምና እንዳለ ሰምተው የዘንድሮን የቡና ገንዘብ ይዘው ሊነሱ ነው። «ሕክምናው እውነት ነው? በዲናችንስ ይፈቀዳል?» ብለውናል።

በቅድሚያ፣ ለምጽ አይጋባም። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሜላኖሳይት የተባሉ ሕዋሳት ሲጠፉ የሚመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃቸው የራሳችን የሰውነት መከላከያ ነው። አብሮ መብላትም ሆነ በአንድ ሰፍ ተጠጋግቶ መስገድ አያስተላልፈውም። ከሥጋ ደዌም ይለያል፦ በሥጋ ደዌ የነጣው ቦታ ይደነዝዛል፣ ለምጽ ያለበት ግን ስሜቱ አይጠፋም። ቋቁቻም ቆዳን ያነጣል፤ እሱ ግን በፈንገስ መድኃኒት ይድናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ይለየው።

ሕክምናው እውነት ነው። የፈረንሳይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ ካደረጉት የዳበረው ዘዴ እንዲህ ነው፦ ከጭን ወይም ከመቀመጫ በጣም ስስ ቆዳ ይወሰዳል፤ መጠኑ ከሚታከመው ቦታ አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆንም ሊበቃ ይችላል። ቆዳው ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም ተነክሮ ሕዋሳቱ ይለያያሉ። የነጣው ቦታ ደንዝዞ ላዩ ከተፋቀ በኋላ ሕዋሳቱን የያዘው ፈሳሽ ይፈስበታል፤ ለአንድ ሳምንት ያህልም ይታሸጋል። ቀለሙ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ነገር ግን ለሁሉም አይሆንም። ለምጹ ቢያንስ ለ1 ዓመት ያልሰፋና አዲስ ያልወጣ መሆን አለበት። ገና እየሰፋ ከተቀደደ ቁስሉ ራሱ አዲስ ለምጽ ሊያወጣ ይችላል፤ ቆዳ የተወሰደበት ጭን ሳይቀር ሊነጣ ይችላል። ጥሩ ውጤት የሚገኘው በአንድ ጎን ብቻ በወጣ ለምጽ ነው፤ የጣት ጫፍና መገጣጠሚያ ያስቸግራሉ። ስለዚህ በቅባትና በብርሃን ሕክምና መጀመር ይቀድማል።

በዲን በኩል፣ የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ከሰው አካል ወስዶ እዚያው ሰው ላይ መትከልን ፈቅዷል፤ ሥነ ልቦናን የሚጎዳን ነውር ለማስወገድም ቢሆን። መስፈርቱ ጥቅሙ ከጉዳቱ እንዲበልጥ ነው። እየሰፋ ባለ ለምጽ ላይ ግን ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል፤ እዚህ ላይ የሐኪሙና የፊቅሁ ሚዛን ይገናኛሉ። ቦታው በታሸገባቸው ቀናት ዉዱእ ሲደረግ በፋሻው ላይ ማበስ ይቻላል፤ ዝርዝሩን በአካባቢዎ ያሉ ዑለማ ያስረዱዎታል።

እናታችን፣ ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት ለምጹ መቼ እንደጀመረና የሰፋበትን ጊዜ ይመዝግቡ፤ በየወሩ በስልክ ፎቶ ያንሱት። በአቅራቢያዎ ካለ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎልዎ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ፤ አዲስ አበባ ከደረሱም አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል።

ለጎረቤቶችም አንድ ቃል አለን። ኡወይስ አል-ቀረኒ ለምጽ ነበረባቸው፤ አላህ ሲያሽራቸው የዲርሃም ያህል ቦታ ቀርቶ እንደነበር በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ዑመር (ረ.ዐ) እኚህን ሰው ፈልገው አግኝተው ምሕረት እንዲለምኑላቸው ጠየቋቸው። እኛ ደግሞ ስኒ እንለያለን?

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥ። አሚን።