ጉንጩ የማን ነው?

በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል ግጭት ተነሥቶ፣ ክረምቱ ሲገባ የተፈናቃዩ ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን በተጠጋ ጊዜ፣ ከእንሰቱና ከቡናው ጥላ የተነቀለው ሕዝብ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲጠለል፣ በሁለቱም ወገን ያንኑ ወንጌል የሚያነቡ ብዙዎች ነበሩና፣ ክፉን አትቃወሙ፣ ጉንጭህን ለሚመታህ ሁለተኛውን አዙርለት የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ትእዛዝ በጌዴኦ ከተማ በዲላ አካባቢ የቃል ክርክር ብቻ ሊሆን አልቻለም።

ማቴዎስ የሚናገረው ስለ ቀኝ ጉንጭ ነው። በቀኝ እጁ የሚማታ ሰው ፊት ለፊቱ የቆመውን ቀኝ ጉንጩን የሚያገኘው በእጁ ጀርባ ነውና፣ ጥፊው ጌታ ባሪያውን የሚያዋርድበት ነው፤ ሁለተኛውን ጉንጭ መስጠትም ውርደቱን አልቀበልም ማለት ነው የሚሉ የዘመናችን ተርጓሚዎች አሉ። ትርጓሜው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ሉቃስ ያንኑ ቃል ሲጽፍ ቀኝ አላለምና ቤቱን ሁሉ በዚህ አንድ ምሰሶ ላይ ማቆም አይገባም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የሚያስተምረው ከዚህ ይጠልቃል፤ የተከለከለው መቃወሙ ሳይሆን ክፉው በተነሣበት መንገድ መቃወሙ ነው። የእኛም የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አንዱን ቃል አንድም እያሉ በብዙ መንገድ ሲፈቱ ምሥጢሩን ያሰፋሉ እንጂ በአንድ ፍች አያስሩትም። ጴጥሮስ ሰይፉን ወደ አፎቱ እንዲመልስ ታዘዘ፤ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ሎሌው በጥፊ የመታው ጌታ ግን ሁለተኛውን ጉንጩን አልሰጠም፤ በምን ጥፋት እንደ መታው ጠየቀው እንጂ።

ስለ በቀልና ስለ ሰይፍ ጳውሎስም ጽፏል፤ ሮሜ ምዕራፍ 12 በቀልን ለእግዚአብሔር ይተዋል፤ ምዕራፍ 13 ደግሞ ሰይፉን ለባለ ሥልጣን ይሰጣል፤ ፍትሐ ነገሥትም ንጉሥ ከመውጋቱ በፊት ሰላም እንዲያቀርብ ያዝዛል። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለ መሬቶች ጭቆና ተማርረው ሚችሌ በተባለ ስፍራ ጦር አንሥተው ከጠመንጃ ጋር በተጋጠሙ ጊዜ፣ ለሹማምንት ተገዙ የሚለውን ለጭሰኛው ብቻ የሚያነብ ሰባኪ ቢኖር ኖሮ ምዕራፉን በግማሹ አንብቧል እለው ነበር፤ እዚያው ሹሙ ለመልካም ነገር አገልጋይ ነውና።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ጉንጩ የማን ነው የሚለው ነው። ራሱ የተመታ ጉንጩን ቢሰጥ ቅድስና ነው፤ ቤቷ ተቃጥሎ ልጇን አዝላ ለመጣች እናት፣ ሌሊቱን በአልጋው ያደረ ሰው ይቅር በይ እያለ ሲሰብካት ግን የሚያዞረው የሌላ ሰው ጉንጭ ነው።

ጌዴኦና ጉጂ ደም ሲፈስ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል ሥርዓት አላቸው። ሽማግሎቹ ዳግም ላለመገዳደል የሚያማምሉት ጥፋቱ በፊታቸው ተነግሮ፣ ያ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የተጠየቀው ለምን መታኸኝ የሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘ በኋላ ነው።