ገናን በአሮጌ ሸክላ

በአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ የሙዚቃ ሸክላ ያገኘ ወጣት፣ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ሁለቱንም ገጽ በብርሃን ይመርምር፤ መርፌ የቦረቦረው ዜማ አይመለስምና።

ፈረንጆች ቢንግ ክሮስቢ በ1934 ዓ.ም. ያስቀረጸውን «ነጭ ገና» የተሰኘ ዘፈን በየዓመቱ ያሰሙታል። በእኛ አገር አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ቢጀምርም፣ ያሳተመው በአመዛኙ ዓለማዊ ዘፈን ነበር። የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ ግን በለንደኑ ሆርኒማን ሙዚየም ትሠራ የነበረችው ጂን ጄንኪንስ ቀርጻ፣ በዩኔስኮ ስብስብ በሸክላ ታትሟል።

በደብረ ማርቆስ የገና ማሕሌት በከበሮና በጸናጽል ሌሊቱን ይቆማል፤ የትልቁ ሸክላ አንድ ገጽ ግን ከ30 ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያለ ወጣት ሸክላውን ይጠብቅ፤ መሪጌታውንም በሕይወት ሳሉ ያስቀርጽ። ሸክላ ቢጫር ሌላ ቅጂ ይፈለጋል፤ መሪጌታው ያላስተላለፉት ዜማ ግን ከእርሳቸው ጋር ይቀበራል።