ስለ ተጠራቀመ የበረራ ማይልና ስለሚያሰጋው የአየር መንገድ ኪሳራ

በዛሬው ዘመን በአይሮፕላን ደጋግሞ የሚጓዝ ሰው ከትኬቱ ጋራ ሌላ ነገር ያገኛል፤ ይኸውም በስሙ የሚመዘገብለት የበረራ ማይል ነው። ማይሉ በበቂ መጠን ሲጠራቀም፥ ቀረጥና ልዩ ልዩ ክፍያ ብቻ እየተከፈለ፥ ትኬት ይገዛበታል። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ሠርቶ ከሚያድረው ወገናችን ብዙው ለዓመታት ያጠራቀመውን ማይል እናቱን ለማስመጣት፥ ወይም የመርዶ ቀን ሲመጣ ፈጥኖ አገሩ ለመግባት ያስቀምጠዋል። ይህን ያህል ተስፋ የተጣለበት ነገር ከአየር መንገዶቹ አንዱ ሲከስር ምን ይሆናል? ባለ ማይሉስ አስቀድሞ ምን ሊያደርግ ይችላል? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በምሳሌ እያስረዱ መመለስ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ማይል ዕዳ ስለ መሆኑ

በዛሬው መልኩ የሚታወቀው የማይል አሠራር በሰፊው የተጀመረው በአሜሪካ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ በግንቦት 1981 «ኤአድቫንቴጅ» የተባለውን የማይል መዝገብ ከፈተ፤ ዩናይትድም በዚያው ዓመት «ማይሌጅ ፕላስ»ን አስከተለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ደንበኛው ዛሬ ለከፈለው ትኬት ጥቂቱ ለነገ ይቀመጥለታል፥ በዚህም ምክንያት ወደ ሌላ ኩባንያ አይሄድም።

እንግዲህ ማይል ስጦታ ይመስላል እንጂ በሒሳብ ረገድ ዕዳ ነው። ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት 15ኛው ዓለም አቀፍ የገንዘብ ነክ ሪፖርት ደንብ፥ ኩባንያው ከትኬቱ ዋጋ ለማይሉ የሚደርሰውን ድርሻ ወዲያው እንደ ገቢ እንዳይቈጥረው ያዛል። ማይሉ በትኬት እስኪለወጥ ወይም ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ድርሻው በዕዳ መዝገብ ላይ ይቈያል።

ነገር ግን ይህ ዕዳ ከሌላው ዕዳ የሚለይበት ነገር አለ። ደንበኛው ሲመዘገብ በሚቀበለው ውል ላይ ማይሉ የደንበኛው ንብረት እንዳይደለ፥ ኩባንያውም የልውውጡን መጠን ሊለውጥ እንደሚችል በአብዛኛው ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ማይል ባለዕዳው ራሱ መጠኑን ሊያሻሽል የሚችልበት ዕዳ ነው። ኩባንያው የከሰረ እንደ ሆነ ደግሞ ባለ ማይሉ መያዣ ከሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ጋራ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል፤ ያውም በሰልፉ ውስጥ ቦታ ከተሰጠው ነው።

2. ሸሪክ ዋስ ስላለመሆኑ

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት በግንቦት 14 ቀን 1997 ኤር ካናዳ፥ ሉፍታንዛ፥ የስካንዲኔቪያው ኤስ.ኤ.ኤስ.፥ ታይ እና ዩናይትድ አቋቋሙት፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በታኅሣሥ 2011 አባል ሆነ። አባል የሆነ ኩባንያ የማይል መዝገብ ያለው ሰው በሌላው አባል አይሮፕላን ሲሄድ ማይል ይመዘገብለታል፥ ማይሉንም በሌላው አባል ትኬት ሊለውጠው ይችላል። ይህን የሚያይ ሰው ኅብረቱ አንድ ትልቅ ካዝና ያለው፥ አባሎቹም እርስ በርሳቸው ዋስ የሆኑ ይመስለዋል።

ይሁን እንጂ አሠራሩ እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ኩባንያ መዝገቡን ለብቻው ይይዛል። የሼባ ማይልስ መዝገብ ያለው ሰው በሉፍታንዛ አይሮፕላን በማይል ሲጓዝ፥ ሉፍታንዛ የመንገደኛውን ዋጋ የሚቀበለው ሼባ ማይልስን ከሚያስተዳድረው ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በአንጻሩም መንገደኛው በሉፍታንዛ በከፈለው ትኬት ሄዶ ማይሉን በሼባ ማይልስ ሲያስመዘግብ፥ የማይሉን ዋጋ የሚከፍለው ሉፍታንዛ ነው። በሸሪኮቹ መካከል ያለው እንግዲህ የንግድ ሒሳብ ነው፤ የዋስትና ውል አይደለም። አንዱ ሲወድቅ ሌላው የወደቀውን ዕዳ እንዲከፍል የሚያስገድደው ነገር የለም።

3. ያለፉት ኪሳራዎች ምን ያስተምራሉ?

የመጀመሪያው ምሳሌ አንሴት አውስትራሊያ ነው። ይህ ኩባንያ የስታር አሊያንስ አባል ነበረ፤ ባለቤቱ የነበረው ኤር ኒውዚላንድም እንዲሁ አባል ነበረ። አንሴት በመስከረም 2001 በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ በመስከረም 14 ቀንም አይሮፕላኖቹ ቆሙ። ጥቂት በረራዎች እንደ ገና ቢጀመሩም በመጋቢት 2002 ኩባንያው ጨርሶ አከተመ። ደንበኞቹ ያጠራቀሙት ነጥብ ዋጋ አልባ ሆኖ ቀረ። የኅብረቱ አባልነትም ሆነ ባለቤቱ ሌላ አየር መንገድ መሆኑ አላዳነውም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ምሳሌ ጐን ለጐን ቢታዩ ይሻላል። የጀርመኑ ኤር በርሊን ቶፕቦነስ የተባለውን፥ የሕንዱ ጄት ኤርዌይስ ደግሞ ጄት ፕሪቪሌጅ የተባለውን የማይል መዝገብ ለብቻቸው በቆሙ ድርጅቶች ሥር አድርገው ነበር። የሁለቱም ድርጅቶች አብላጫ ድርሻ በአቡ ዳቢው ኢትሃድ እጅ ነበረ። ኤር በርሊን በነሐሴ 15 ቀን 2017 ኪሳራውን አስታወቀ፤ ቶፕቦነስም በዚያው ወር ተከተለው። የጄት ኤርዌይስ አይሮፕላኖች በሚያዝያ 2019 ሲቆሙ ግን ጄት ፕሪቪሌጅ አልወደቀም፤ በዚያው ዓመት ኢንተርማይልስ ተብሎ ስሙ ተለወጠና ሥራውን ቀጠለ። ባለ ማይሎቹም በሌሎች አየር መንገዶች መጠቀም ቻሉ። ከዚህ የምንረዳው መዝገቡ ከአየር መንገዱ ተለይቶ መቆሙ ሊጠቅም እንደሚችል ነው፤ ነገር ግን መለየቱ ብቻውን ዋስ አይሆንም። አየር መንገዱ ከሌለ በኋላ ድርጅቱን በገንዘብ የሚያኖር ባለቤት ወይም ሌላ ገቢ ሊኖር ይገባል።

አራተኛው ምሳሌ ከነዚህ የተለየ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ በኅዳር 2011 ከገንዘብ ጠያቂዎቹ የሚጠብቀውን የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ፥ በታኅሣሥ 2013ም ከዚያ ወጣ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አይሮፕላኖቹ ይበርሩ ነበር፤ የደንበኞቹም ማይል አልተነካም። ምክንያቱ ርኅራኄ አይደለም። ለመቀጠል የሚያስብ ኩባንያ ደንበኞቹን ማጣት አይፈልግም፤ የማይል መዝገቡም ራሱ ትልቅ ሀብት ነው። ይህን ለማየት ዩናይትድ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ማይሌጅ ፕላስን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር መበደሩን ማስታወስ ይበቃል። ስለዚህ «ከሰረ» የሚለውን ዜና የሰማ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ኩባንያው ዕዳውን እያስተካከለ ይበርራል ወይስ ንብረቱ ሊሸጥ ነው የሚለውን ነው።

4. አደጋው ሁለት ዓይነት ነው

ከላይ ከተነገረው የሚከተለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ባለዕዳው ማን ነው? የደከመው ኩባንያ መዝገቡን የያዘው ነውን፥ ወይስ አይሮፕላኑን የሚያበርረው ሸሪክ? መልሱ እንደ ተለያየ መድኃኒቱም ይለያያል።

የመጀመሪያው ዓይነት መዝገቡ በጤናማ ኩባንያ ተይዞ፥ የሚያበርረው ሸሪክ ሲደክም ነው። በዚህ ጊዜ ማይሉ አይጠፋም፤ አደጋው በትኬቱ ላይ ነው። ሸሪኩ በረራውን ቢያቆም ትኬቱን የሰጠው ኩባንያ በልማድ ማይሉን ይመልሳል ወይም ቦታ ካለ በሌላ አይሮፕላን ይለውጣል። ነገር ግን የሆቴሉን ኪራይ፥ ለብቻው የተገዛውን የቀጣዩን መንገድ ትኬትና የጠፋውን ቀን የሚመልስ የለም። ትኬቱን ማን እንደ ሰጠው ለማወቅ በትኬቱ ላይ ካለው 13 አኃዝ ያለው ቍጥር የመጀመሪያዎቹን 3 አኃዞች መመልከት ነው፤ 071 የኢትዮጵያ አየር መንገድ፥ 220 የሉፍታንዛ፥ 016 የዩናይትድ ናቸው። መንገደኛው ችግር ሲደርስበት አቤት የሚለው በመጀመሪያ ለዚህ ኩባንያ ነው። ስለዚህ የደከመውን ሸሪክ መጠቀም ግድ ከሆነ፥ ሌላ አይሮፕላን በቀላሉ በሚገኝበት መንገድ ላይ ይሁን። አሮጊት እናትን ብቻዋን በባዕድ ጣቢያ ሊያስቀር በሚችል መንገድ ላይ ግን አይሁን።

ሁለተኛው ዓይነት መዝገቡን የያዘው ኩባንያ ራሱ ሲደክም ነው። ይህ ይከፋል፤ የሚሰጋው ማይሉ ነውና። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይደረጋሉ።

ሀ/ በደከመው መዝገብ ላይ አዲስ ማይል አለመጨመር። የኅብረት ጥቅሙ ዋናው በዚህ ነው። የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2019 በፍርድ ቤት በሚታወቅ የማዳን አስተዳደር ሥር ሲገባ የስታር አሊያንስ አባል ነበረ። ስለዚህ ከጆሃንስበርግ በርሱ የሚሄድ መንገደኛ ማይሉን በኩባንያው በራሱ መዝገብ በማስገባት ፈንታ፥ የሌላ አባል ለምሳሌ የሼባ ማይልስ ቍጥር ሰጥቶ ማስመዝገብ ይችል ነበር። አንድ ጊዜ በአንዱ መዝገብ የገባው ማይል ግን ኅብረት ስላለ ብቻ ወደ ሌላው አባል መዝገብ አይዛወርም፤ ምርጫው ከመመዝገቡ በፊት ነው። ማይሉ እስኪገባም ድረስ አይሮፕላን የገቡበትን ወረቀት ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ለ/ ያለውን ማይል በጤናማ ሸሪክ ትኬት መለወጥ፥ የጉዞውንም ቀን ማቅረብ። ትኬቱ በእጅ ገባ ማለት ሁሉ ነገር አለቀ ማለት አይደለም። ሸሪኩ ዋጋውን የሚቀበለው ከደከመው ኩባንያ ስለ ሆነ፥ ይህ ኩባንያ ከበረራው ቀን በፊት ቢወድቅ ሸሪኩ መንገደኛውን ሊያሳፍረውም ላያሳፍረውም ይችላል። በሚቀጥለው ወር የሚበርር ትኬት ከዓመት በኋላ ከሚበርረው ይልቅ የታመነ ነው።

ሐ/ ምልክቶቹን መከታተል። ጄት ኤርዌይስ ከመቆሙ በፊት ለሠራተኞቹ ደመወዝ ማዘግየቱና አይሮፕላን ያከራዩት ድርጅቶች አይሮፕላኖቻቸውን ማስቆማቸው በጋዜጣ ይነገር ነበር። ለባለ ማይሉ ደግሞ ከዚህ የቀረበ ምልክት አለ፤ እርሱም ሸሪኮች ለማይል ትኬት ይሰጡት የነበረውን ቦታ አንድ በአንድ መዝጋታቸው ነው። ሸሪክ በሩን የሚዘጋው ገንዘቤ አይደርሰኝም ብሎ ሲሠጋ ሊሆን ይችላል።

5. መቸኰልም ዋጋ አለው

በሌላ በኩል ወሬ በተሰማ ቍጥር ማይልን መበተን ብልህነት አይደለም። ይህን በቍጥር እንመልከተው። አንድ ሰው 40,000 ማይል አለው እንበል። በትኬት ቢለውጠው 600 ዶላር የሚያወጣ ጉዞ ያገኛል፤ ዛሬውኑ በኩባንያው መደብር በዕቃ ቢለውጠው ግን 150 ዶላር የሚያወጣ ሻንጣ ያገኛል። ሻንጣውን የሚወስድ ሰው 450 ዶላር በገዛ እጁ ይተዋል። ሻንጣው የሚያዋጣው ኩባንያው ከጉዞው በፊት የሚወድቅበት ዕድል ከ4 እጅ ከ3 እጅ የበለጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ዕድሉ ከ4 እጅ 1 እጅ ነው ብንል፥ ማይሉን ማቈየት በአማካይ 450 ዶላር ያህል ያወጣል፤ ይህም የሻንጣው ሦስት እጥፍ ነው።

ነገር ግን ይህ ስሌት ማይሉን ለመዝናኛ ለሚጠብቅ ሰው የሚስማማ ነው። ለክፉ ቀን ለሚያስቀምጠው ሰው አማካይ ቍጥር ብዙ አይረዳውም፤ በዚያች ቀን መዝገቡ ባዶ ቢሆን የሚቀርበት 600 ዶላር ሳይሆን የእናቱ ቀብር ነውና። እንዲህ ላለው ሰው የሚሻለው ለክፉ ቀን የሚሆነውን በገንዘብ፥ ወይም ቢያንስ ጤናማ በሆነ ኩባንያ መዝገብ አስቀምጦ፥ በደከመው መዝገብ ያለውን አስቀድሞ በታወቀ ጉዞ ላይ ማዋል ነው።

ማጠቃለያ

ባጭሩ ለመናገር፥ የበረራ ማይል በማናቸውም ኅብረት ዓርማ ሥር ቢሆን መዝገቡን የያዘው የአንድ ድርጅት ዕዳ ነው። ሸሪኮች በዚህ ዕዳ የሚነግዱ ናቸው፤ ዋሶች ግን አይደሉም። ስለዚህ የሸሪክ አየር መንገድ መድከም ሲሰማ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለዕዳዬ ማን ነው?» የሚለው ይሁን። ባለዕዳው ጤናማ ከሆነ ትኬቱን መጠበቅ ይበቃል። ባለዕዳው ራሱ የደከመ እንደ ሆነ ግን አዲሱን ማይል ወደ ሌላ መዝገብ መምራት፥ የቈየውን ደግሞ በቅርብ ቀን በሚበርር በጤናማ ሸሪክ ትኬት መለወጥ ነው። ከአገር ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን በየዓመቱ ከድካማቸው እየቈጠቡ የሚያጠራቅሙት ይህ ሀብት የሚጠበቀው በተስፋ ሳይሆን ውሉን አንብቦ ባለዕዳውን በማወቅ ነው።