የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በርቀት፦ ከፕላዝማ እስከ በይነመረብ

የኦንላይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ተማሪና መምህር በአንድ ክፍል ሳይገናኙ ትምህርቱም ሆነ ምዘናው በበይነመረብ የሚካሄድበት ሥርዓት ሲሆን፣ ሥሩ ከኮምፒውተር በፊት ከነበረው የርቀት ትምህርት ይመዘዛል። አውስትራሊያ በ1951 እ.ኤ.አ. ከአሊስ ስፕሪንግስ ራቅ ብለው ለሚኖሩ ልጆች በሬዲዮ ማስተማር ጀመረች፤ ሜክሲኮ በ1968 እ.ኤ.አ. ቴሌሴኩንዳሪያ የተባለውን የቴሌቪዥን ትምህርት ለገጠር ታዳጊዎች ዘረጋች፤ በአሜሪካ ደግሞ የፍሎሪዳ ቨርቹዋል ትምህርት ቤት በ1997 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ።

በኢትዮጵያ ታላቁ ሙከራ በ1997 ዓ.ም. ግድም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው፣ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሚጠራው የሳተላይት ትምህርት ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስና ሌሎችም የትምህርት ዓይነቶች በእንግሊዝኛ ተቀርጸው ከአንድ ማዕከል በተመሳሳይ ሰዓት ለመላው አገሪቱ ይሠራጩ ነበር። ብቁ መምህር ላላገኘ ትምህርት ቤት ዕድል ቢከፍትም፣ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ደቂቃ ስክሪኑ ስለሚወስድ መምህሩ ለመግቢያና ለማጠቃለያ ብቻ ይቀር ነበር፤ ያልገባው ተማሪ ቢጠይቅ ስክሪኑ አይመልስለትም ነበር፣ መብራት ከጠፋም ያ ትምህርት አምልጦ ይቀር ነበር። በሜክሲኮ ግን ሥርጭቱ ከታተመ መጽሐፍና ከተማሪዎቹ ጋር ክፍል ውስጥ ከሚውል መምህር ጋር ተጣምሮ ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀጠለ። በቴሌግራም የተላከውን ትምህርት ተማሪው አቁሞና ደግሞ ሊያየው መቻሉ ከፕላዝማው የሚሻልበት ነጥብ ቢሆንም፣ ስማርት ስልክና የዳታ ክፍያ ስለሚጠይቅ ለብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች አልደረሰም።

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የጭልጋ ከተማ አይከል የርቀት ትምህርት ለገጠር ተማሪ ሊደርስ ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ሁነኛ ማሳያ ናት። እንደ አይከል ባሉ ከተሞች ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ ተማሪ ቤት ተከራይቶ ከወላጆቹ በሚላክለት ስንቅ ስለሚማር፣ የርቀት ትምህርት ኪራዩንም ጉዞውንም ሊያቃልልለት ይችላል። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥና በርካታ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ አማራጭ ሊሆን የሚገባው መንገድም ከመደበኛው ጋር አብሮ ተዘግቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በኦንላይን ስለተሰጠ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ያለበት ክፍተት ይበልጥ ጎልቶ ታየ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ስክሪን መምህርን አይተካም፣ በአንድ መስመር ብቻ የተንጠለጠለ ትምህርትም መስመሩ ሲቆረጥ አብሮ ይቆረጣል። ስለዚህ ለአይከልና ለመሰሎቿ የሚበጀው፣ ያለ በይነመረብ የሚከፈት ትምህርት በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ፣ በሶላር ኃይል ታግዞ፣ ጥያቄ የሚመልስ መምህር ከተማሪው አጠገብ ሲቆም ነው፤ ለዚህም በጀት መያዝ የትምህርት ባለሥልጣናት ኃላፊነት ነው።